ጋሼ ያረጋጋው ቤት

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ብሎ ወሬ የሚጀምር ሰው ሙት ሊወቅስ ነው ማለት ነው። እኔ ያ መሸፋፈኛ አያስፈልገኝም። አጎቴን ልወቅሰው ነው። የአባቴን ታላቅ ወንድም፣ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ «ደጉ» እያለ የሚያነሳውን ሰውዬ። ደግነቱን ከማንም በላይ የቀመስኩት እኔ ነኝ፤ ንዴቴ እስከ ዛሬ ያልበረደውም ለዚህ ነው።

አባቴ ሲሞት ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። እህቴ በአራት ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ልብስ ሰፊ ነበረች። የቤታችን የፊት ክፍል በሩ ወደ መንገድ ስለሚከፈት ሱቋ እሱ ነበር። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ገና ከመታጠፊያው የስፌት መኪናዋን ድምፅ እንሰማለን፤ ትርርር ይልና ቀጥ፣ ትርርር ይልና ቀጥ። ሜትሯ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ፣ መርፌዎቿን በከንፈሯ ነክሳ «እጃችሁን ታጠቡ» ትለናለች፤ ከእኛ በቀር ማንም ሰው የማይገባው ንግግር ነበር። የሰፈሩ ሴቶች ልብስ ሊያስለኩ ይመጡና ሰው ሲያሙ ይውላሉ። ከሁሉም የማትጠፋው የጎረቤታችን የአውቶቡስ ሹፌሩ ሚስት ነበረች። ልብስ የምታሰፋው በዓመት አንዴ፣ የምትለካው ግን በየሳምንቱ ነው።

አጎቴ የመጣው ለቅሶው ካለፈ፣ እንግዳውም ከተበተነ በኋላ ነው። «ቤቱ ወንድ አይጣ» አለ። ሚስቱንና ልጆቹን በሚኖርበት ከተማ ትቶ፣ ልብሱን በፌስታል፣ ኮምፒዩተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ መጣ። እናቴ የአባቴን ጠረጴዛ ጠራርጋ ሰጠችው።

«ቤትዎ ነው ጋሼ» አለችው።

ሰው በትሕትና የሚለውን ነገር እንደ ውል የሚቀበል ሰው እንዳለ አታውቅም ነበር።

ኮምፒዩተሩ ውስጥ አንድ የድሮ ነገሥታት ጨዋታ ነበር። ሰፊ ካርታ፣ ካርታው ላይ ግንብና ባንዲራ ያላቸው ከተሞች። ጦር ትልካለህ፣ ግንቡን ታፈርሳለህ፣ ባንዲራህን ትሰቅላለህ። ይሄ ቀላሉ ነው። ከተማው ሲያዝ ግን ከላዩ ጭስ ይወጣል፤ ከጎኑም አንዲት ክብ ፊት ብቅ ትላለች፣ ቀይ፣ ቅንድቧን የቋጠረች። ፊቷ ቢጫ፣ ከዚያም አረንጓዴ እስክትሆን ድረስ ከተማው ያንተ አይደለም። ቀይ ሆና ከቆየች ከድምፅ ማጉያው የሕዝብ ጩኸት ይመጣል፣ ወታደሮችህ ይባረራሉ፣ ባንዲራህ ይወርዳል። እኔ በዚያ ጩኸት ጆሮዬን እይዝ ነበር።

ጋሼ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጠብቆ አጠገቡ ያስቀምጠኛል። የተጻፈውን እንግሊዝኛ ይተረጉምልኛል። ሌላው ሰው ሁሉ «ሂጂ ተጫወቺ» ብሎ በሚገፋኝ ጊዜ እሱ ወንበር ስቦ «ነይ፣ ምክር ስጪኝ» ይለኛል። አባት ለሞተባት ልጅ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

«መያዝማ ማንም ይይዛል» ይላል ማውሱን እያንቀሳቀሰ፤ «ወንድነቱ ማረጋጋቱ ላይ ነው።»

«እኔ ሴት ነኝ እኮ።»

«አንቺማ ገዥ ነሽ!»

በዚያው ስሜ «ገዥዋ» ሆኖ ቀረ። የተያዙትን ከተሞች ለእኔ ይሰጠኝና እሱ ወደሚቀጥለው ጦርነት ይሄዳል።

«ይቺ ቀይ ናት ጋሼ። ቲያትር ቤት እንሥራላቸው?»

«ቀስ! መጀመሪያ ምንም አትንኪ። የተያዘ ከተማ እንደ አዲስ ሙሽራ ነው፤ ትባበላለች። ግብሩን ቀንሺላቸው። በሩ ላይ የራስሽን ሰው አቁሚ፣ ግን እንዳይጮህ። ትልቅ ነገር ልትወስጂባቸው ስታስቢ ድግስ ደግሺ። ደግሞ በየከተማው አንድ የሚያነሳሳ አይጠፋም፤ እሱን ለይተሽ እወቂው።»

«ከዚያ ልግደለው?»

«አይ ሞኝ! ከገደልሽው ዘፈን ይወጣለታል። ራቅ ወዳለ ከተማ ትልኪዋለሽ፣ ማዕረግ ሰጥተሽ።»

«ማዕረጉ ለምን?»

«እናቱ እንዳታለቅስ።»

ጨዋታው ውስጥ እናት የሚባል ነገር እንዳልነበረ ያስተዋልኩት ካደግኩ በኋላ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ወራት ቤታችን ጥሩ ነበር። ጋሼ የሚያፈሰውን ጣሪያ አስጠገነ። ለእኔ ጫማ፣ ለእህቴ ቦርሳ ገዛ። እናቴን «አንቺ ምንም አታስቢ፣ እኔ እያለሁ» አላት። እህቴ ግን ቦርሳውን አልያዘችውም። አባታችን «እሳቷ» ይላት ነበር፤ አፏ ላይ የመጣላትን ሳትናገር አታድርም።

«ጋሼ፣ ወደ ቤትዎ የሚመለሱት መቼ ነው?» ብላ ምሳ ላይ ጠየቀችው።

እናቴ ከጠረጴዛው ሥር ቆነጠጠቻት። ጋሼ ሳቀ። ሲስቅ ዓይኑ አብሮት አይስቅም ነበር፤ ይሄን ግን ዛሬ ስለማውቀው ነው እንጂ ያን ጊዜ ያየሁት ጥርሱን ብቻ ነው።

ከዚያ የሚስቱ ወንድም መጣ። ረጅምና ቀጭን ስለነበር ሎጋው እንለዋለን። «ሌባ በዝቷል፣ ሱቁን ይጠብቅ» አለ ጋሼ፣ ሎጋውም የፊት ክፍሉ ውስጥ ፍራሽ አነጠፈ። ሰው የሚተኛበት ክፍል ደግሞ ለደንበኛ አይመችምና የእናቴ መኪና ወደ ጓዳ ገባ። ጓዳው መስኮት የለውም። እናቴ በጠራራ ፀሐይ አምፖል አብርታ መስፋት ጀመረች። የፊት ክፍሉ በቀለም ቆርቆሮ ተሞላ፣ ሎጋውም ቀለም ነጋዴ ሆነ። ደንበኞቿ በግቢው በር ዞረው እንዲገቡ ተባለ፤ የግቢው በር ደግሞ ሁልጊዜ ቁልፍ ነው፤ ቁልፉም ሎጋው ኪስ ውስጥ ነው። አንኳኩተው አንኳኩተው ሴቶቹ አንድ በአንድ ቀሩ። የሹፌሩ ሚስት ብቻ ድንጋይ አንስታ በሩን እስኪከፈትላት ትደበድበው ነበር።

እኔ ኮርቼ ነበር። ትምህርት ቤት «እኛ ቤት ዘበኛ አለ» እያልኩ አወራ ነበር።

አንድ ቀን እናቴና እህቴ ጓዳ ውስጥ ሲንሾካሾኩ ሰማኋቸው።

«ውክልና ስጪኝ ነው የሚሉኝ» አለች እናቴ። «ቤቱን እኔ ላስተዳድርልሽ ይላሉ።»

«እማዬ እንዳትፈርሚ!»

«ዝም በይ፣ ግድግዳ ጆሮ አለው።»

ግድግዳውን አየሁት። ምንም የለበትም። ውክልና ሲሉ ግን ገባኝ መሰለኝ፤ ጨዋታው ላይ ከተሞች ሲበዙብህ ወኪል ትሾማለህ፣ ወኪሉ ይሠራል፣ አንተ ታርፋለህ። እናቴ ልታርፍ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ዛሬ ይሄን ስናገር «አንቺም እኮ ከእሱ ጋር ነበርሽ» የሚለኝ ዘመድ አለ። ሰባት ሲደመር ስምንት በጣቷ የምትቆጥር ልጅ ላይ ጥፋት የሚያሸክም ሰው ራሱ ይፈር። እኔ አልቀበለውም።

እህቴ ዝም አላለችም። በማግስቱ ምሳ ላይ ማንኪያዋን አስቀመጠችና ፊት ለፊት ተናገረችው። «ቤቱ የአባዬ ነው። ከአባዬ ቀጥሎ የእማዬ ነው። ውክልና የሚባል ነገር አንፈልግም።»

ሎጋው ማኘኩን አቆመ። ጋሼ ግን አጨበጨበ። «ጎበዝ! ይቺ ልጅ ጠበቃ ነው የምትሆነው። እዚህ መባከን የለባትም።»

ሳምንት ሳይሞላ ወሬው ዘመዱን ሁሉ አዳረሰ፦ ጋሼ እሳቷን ወደ እሱ ከተማ ወስዶ ጥሩ ትምህርት ቤት ሊያስገባት ነው፣ ሚስቱ ጋ ሆና ትማራለች። እናቴ እንቢ ልትል ስትሞክር አክስቶቼ መጥተው ተቀመጡባት። «የልጅሽን ዕድል ትዘጊያለሽ?» አሏት። «አባት የሌላት ልጅ ይሄን አግኝታ?» አሏት። አዲስ ሻንጣ፣ አዲስ የደንብ ልብስ ተገዛ። እህቴ በምትሄድበት ቀን የበሩን መቃን ይዛ አለቀቀችም፤ ጋሼ እየሳቀ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቃቸው። እኔ በቅናት ሞትኩ። ሻንጣው ጎማ ነበረው።

ከዚያ በኋላ እናቴ ተለወጠች። መጀመሪያ ለጥቂት ጊዜ ዓይኗ አብጦ ይውል ነበር፤ በስልክ እህቴን ስታገኛት «ደህና ነኝ፣ እማራለሁ» ትላታለች፣ ከጎኗ የጋሼ ሚስት ሳል ይሰማል። አንድ ቀን ግን የሹፌሩ ሚስት ቀሚስ ልትለካ መጥታ ከሄደች በኋላ የእናቴ ማልቀስ ቀጥ አለ። «እንዳሉ ጋሼ» ማለት ጀመረች። «ጥሩ ነው ጋሼ።» ሻይ ስታቀርብለት ፈገግ ትላለች። ለሎጋው ሱሪውን አሳጠረችለት። ቤቱ ጸጥ፣ እረጭ አለ።

«ጋሼ፣ እማዬ አረንጓዴ ሆነች» አልኩት።

እስኪያስለው ሳቀ።

ያን ቀን ጓዳ ውስጥ የሆነውን እናቴ የነገረችኝ እኔ ራሴ ከወለድኩ በኋላ ነው። የሹፌሩ ሚስት እጇን ዘርግታ ቆማ፣ እናቴ ወገቧን እየለካቻት፣ ባሏ ያየውን ነገረቻት። ሹፌሩ መስመሩ በዚያ ከተማ ያልፋል። ትምህርት ቤት በሚከፈትበት ሰዓት እህቴን የሰው ልጅ አዝላ፣ የልብስ እጥበት ዘንቢል ይዛ መንገድ ላይ አይቷታል። ጠርቷት ሸሸችው። ትምህርት ቤት የሚባል ነገር አልነበረም። የጋሼ ሚስት እህት ወልዳ ሰው ፈልጋ ነበር፤ የደንብ ልብሱም ለእኛ ዓይን ብቻ የተገዛ ነው።

«ለምን ያኔውኑ አልጮህሽም?» አልኳት እናቴን፣ ተናድጄ።

«ብጮህ ወዴት እንደሚያዛውራት በምን አውቃለሁ?» አለችኝ። «ልጄ እሱ እጅ ላይ ናት። እሱን ደስ እያሰኘሁ ማቆየት ነበረብኝ።»

ሰው አጎትሽ ከዚያ ጨዋታ ተማረው ወይ ይለኛል። አልተማረም። ጨዋታው ሐቀኛ ነበር፤ ቀዩን ቀይ ይላል። አጎቴ ከልጅነቱ የሚያውቀውን ነገር ስላገኘበት ነው የወደደው።

የልደቴ ቀን ደረሰ። እኛ ቤት ልደት የሚከበረው እናቴ ግንባራችንን ስማ «እደጊ» ስትለን ነበር። በዚያ ዓመት ግን ጋሼ ሰፈሩን ሁሉ ጠራ። ፊኛ፣ ሙዚቃ፣ ባለ ሁለት ፎቅ ኬክ፣ ፎቶ አንሺ። የግቢው በር ከስንት ጊዜ በኋላ ወለል ብሎ ተከፈተ። እናቴ ልብስ ሰፊ ሆና ሳለ ቀሚሴ ከሱቅ ተገዛ፤ አንገቴን ይቧጥጠኝ ነበር፣ ግን እንደ ንግሥት ነው የተሰማኝ። አክስቶቼ ቀርበው ተቀመጡ። ጥሩዎቹ ወንበሮች ላይ ደግሞ ቦርሳ የያዙ ሁለት የማላውቃቸው ሰዎች ነበሩ። ለእኔ ስጦታ ያመጡ መስሎኝ ከቦርሳው ዓይኔን አልነቀልኩም።

ኬኩ ተቆረጠ። ጋሼ ብርጭቆውን በማንኪያ መታ።

«ወንድሜ ቢኖር ይሄን ቀን እሱ ነበር የሚያከብረው» አለ። ድምፁ ተሰበረ፣ አክስቶቼ አለቀሱ። «እኔ አባት ልሆናቸው ቃል ገብቻለሁ። ዛሬ በእናንተ በወዳጆቻችን ፊት፣ የወንድሜ ሚስት የዚህን ቤት ጣጣ ከትከሻዋ አውርዳ ለእኔ ልትሰጠኝ ነው። እሷ ትረፍ፤ እኔ ልሸከም።»

ጭብጨባ ሆነ። እኔም አጨበጨብኩ። ከሰዎቹ አንዱ ወረቀት ዘርግቶ እስክሪብቶ አቀበላት። እናቴ የኬክ ሳህን ይዛ ቆማለች።

«ትልቋ ልጄ ሳትኖር?» አለች።

«ፈተና ላይ ናት፣ እንዳንረብሻት» አለ ጋሼ።

«የምን ፈተና ጋሼ?»

«የትምህርት ቤት ነዋ።»

እናቴ ሳህኑን አስቀመጠችና ወደ ግቢው በር ዞረች። «ግቢ ልጄ» አለች።

የሹፌሩ ሚስት ገባች፤ በእጇ እህቴን ይዛ። ሹፌሩ በእናቴ ልመና ጠዋት ከመንገድ አንስቶ በአውቶቡሱ ነበር ያመጣት። መጀመሪያ አላወቅኋትም። ፀጉሯ ከሥሩ ተቆርጧል፣ ቀሚሷ ከጉልበቷ በላይ ቀርቷል፣ ትከሻዋ ላይ የደረቀ የሕፃን ትውከት አለ። ሰው ሁሉ ከእኔ ዞሮ እሷን ያያል። እኔ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፦ ልደቴን አበላሸችው።

እናቴ የእህቴን እጆች ይዛ መዳፏን ወደ ላይ ገልብጣ፣ ከኬኩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻቸው። ሳሙናና በረኪና የበላው እጅ ነበር፤ በየመታጠፊያው ተሰንጥቋል።

«ፈተናው ይሄ ነው?» አለች። ድምፅዋን አላነሳችም። «አንተ፣ ልጄን ገረድ አደረግሃት?»

አንተ አለችው። ከሁሉም የደነገጥኩት በዚያ ነው። ስታለቅስም፣ ስትስቅም፣ እሱ በሌለበትም ቢሆን «እርስዎ»፣ «እሳቸው» ከማለት ዝንፍ ብላ የማታውቅ ሴት!

ጋሼ ግን አልደነገጠም። እጁን ዘርግቶ ወደ እንግዶቹ ዞረ። «እናት ናት፣ ትቆጣ። ልጅ ሥራ ቢለምድ ነውር ነው እንዴ? ዘመድ ቤት እኮ ነው ያለችው። ትምህርቱም በሚመጣው ዓመት ታስቦላታል።»

ጭንቅላታቸውን የነቀነቁ ሰዎች ነበሩ። እሱን ትቼ እነሱን የምጠላበት ቀን አለ። የልጅቷ እጅ ፊታቸው ተዘርግቶ «እሱስ ልክ ነው» ያሉ፣ ኬክ በአፋቸው የያዙ ሰዎች።

«ከልጆችህ ውስጥ እንዲህ ሥራ የለመደው የትኛው ነው?» አለች የሹፌሩ ሚስት። «ጥራውና እጁን እንይ!»

ያኔ ጥርሱ ተከደነ።

እናቴ ወደ ሁለቱ ሰዎች ዞረች። «እዚህ ቤት የሚፈርም የለም። ሻይ ጠጥታችሁ ሂዱ» አለቻቸው፤ ሻዩን ግን አልጠበቁም። ከዚያ ሎጋውን «ቀለምህን አውጣልኝ» አለችው። ሎጋው ጋሼን አየ። እሱ እስኪወስን የሹፌሩ ሚስት ሁለት ቆርቆሮ አንጠልጥላ ወደ መንገድ ወጥታ ነበር፤ ከግቢያችን ቀርተው የነበሩት ሴቶችም ወደ ፊት ክፍሉ ገቡ። ተቀባበሉት። አንዱ ቆርቆሮ ተከፍቶ ደረጃው ላይ አረንጓዴ ቀለም ፈሰሰ፣ በግርግሩም ኬኩ ተገለበጠ። እኔ በመሬት ቁጭ ብዬ በጩኸት አለቀስኩ። አንድም ሰው አላባበለኝም፤ ትክክል ነበሩ።

ጋሼ በሳምንቱ ሄደ፣ ኮምፒዩተሩን በዚያው ብርድ ልብስ ጠቅልሎ። እስከ መታጠፊያው ተከትዬው ሮጥኩ። ጎንበስ ብሎ ጉንጬን ዳሰሰኝ። «ገዥዋ፣ እናትሽን አረጋጊያት እሺ?» አለኝ። እሺ አልኩት። ለብዙ ዓመታትም እናቴ ውለታ ቢስ፣ እህቴ ምቀኛ፣ እሱ የተበደለ ሰው ይመስሉኝ ነበር። ይሄንንም ነው የምወቅሰው፤ የእህቴን ትምህርት የወሰደው ሳያንስ፣ እኔን ከእናቴ ልብ ለስንት ዘመን አራቀኝ።

እናቴ መኪናዋን ወደ ፊት ክፍሉ መለሰች። ቤቱም በስሟ ጸና። እህቴ ትምህርት ቤት ስትመለስ ጓደኞቿ ጥለዋት ሄደው ነበር፤ ከትናንሽ ልጆች ጋር ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሞከረች፣ ሞከረችና ተወችው። ጠበቃ ትሆን ነበር። ይሄን እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ እሱ ራሱ ነው።

ባለፈው ዓመት ሞተ። ሦስታችንም ቀብሩ ላይ ቆምን፤ እናቴ «የባሌ ወንድም ነው፣ ሰው ምን ይላል» ብላ። የሕይወት ታሪኩን ያነበበው የአክስቴ ልጅ ነው፣ ድምፁ የሚያምር አስተማሪ። ተወለደ፣ ተማረ፣ ሠራ አለ። ከዚያ ትንፋሹን ሰብስቦ «ወንድማቸው በሞቱ ጊዜ ልጆቻቸውን እንደ አባት ተቀብለው ያስተማሩ» አለ። ዙሪያውን «አቤት ደግነት» የሚል ማጉረምረም ተሰማ። አፌን ልከፍት ስል እህቴ ቀደመችኝ። የአርባ ዓመት ሴት፣ ጥቁር ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ፣ በለቅሶ ሳይሆን በተራ ድምፅ፣ መንገድ እንደምትጠይቅ ሰው፣

«ይቅርታ ወንድሜ፣ እኔ ከልጆቹ አንዷ ነኝ» አለች። «ያስተማሩኝ የት ነው? የትምህርት ቤቱን ስም አንብብልኝ።»

አንድ አክስቴ «ተይ እንጂ ልጄ» አለች። እናቴ እጇን አንስታ ዝም አሰኘቻት።

«ስሙን ብቻ» አለች እህቴ። «እዚያ ላይ ተጽፎ ይሆናል።»

አስተማሪው ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየው። ከዚያ ገለበጠው፤ ጀርባው ባዶ ነበር።